አስነጋሪው ተማሪ፤ በምዕራብ ጎጃምና በአካባቢው የቅኔ ጉባኤ ቤቶች የተማሪዎች እርስ በርስ መረዳዳት ታሪክ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚያመራው አውራ ጎዳና ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን እየነካ ያልፋል። ዛሬ በዚህ ጎዳና የሚጓዘው ወጣት ደብተሩን በሻንጣ ይዞ ወደ ኮሌጅ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ ያመራል። የመኪናው መንገድ ከመዘርጋቱ አስቀድሞ ግን በዚሁ አገር በእግሩ የሚመላለስ ሌላ ተማሪ ነበረ። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ፣ ከትግራይ፣ ከወሎ፣ ከጎንደርና ከሸዋ ሳይቀር ወደ ጎጃም ይመጣ የነበረው የቆሎ ተማሪ ይፈልግ የነበረው በተለይ አንድ ትምህርት ነው፤ ይኸውም ቅኔ ነው።

ስለ ቅኔ ምሥጢርና ውበት ብዙ ተጽፏል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የሊቃውንቱን ቅኔዎች ሰብስበው አሳትመዋል፤ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀንበሬም ይህንኑ ተግባር በሰፊው ቀጥለውበታል። ቅኔውን ያፈለቀው ተማሪ ግን እንዴት እንደ ተማረ፣ በተለይም ከመምህሩ በፊት ማን እንደ ሰማውና ማን እንዳረመው የተሰጠው ትኩረት አነስተኛ ነው። ያ ሰሚና አራሚ አስነጋሪ ይባላል። አስነጋሪው መምህር አይደለም፤ ራሱም ገና በትምህርት ላይ ያለ፣ ነገር ግን ከጓደኞቹ ቀድሞ የሄደ ተማሪ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአስነጋሪነትን ሥራ መርምሮ፣ በዛሬው የከፍተኛ ትምህርት ውስጥ የተማሪዎችን የጽሑፍ ችሎታ ለማዳበር ምን ትምህርት ሊሰጥ እንደሚችል ማመልከት ነው።

የጉባኤ ቤቱ አቋም

በቤተ ክህነት ትምህርት ሥርዓት ቅኔ ከንባብ በኋላ የሚመጣ ከፍተኛ ትምህርት ነው። በትውፊት የታወቁት ታላላቅ የቅኔ ቤቶች ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ ናቸው። ከእነዚህ ዋድላ በወሎ ሲሆን ጎንጅና ዋሸራ ሁለቱም በጎጃም ይገኛሉ። ከእነርሱ የወጡ መምህራን በየደብሩ ጉባኤ እየዘረጉ ስለ ተቀመጡ፣ የጎጃም ገጠር የቅኔ አገር የሚል ስም አተረፈ። ለምሳሌ ከቡሬ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው ደብረ ኤልያስ ዮፍታሔ ንጉሤን የመሰለ ባለቅኔ ያፈራ፣ ሐዲስ ዓለማየሁም የተማሩበት የታወቀ የትምህርት ማዕከል ነው።

የጉባኤ ቤቱ ወጪ የሚሸፈነው በአካባቢው ገበሬ ነበር። ተማሪው በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል፤ ያገኘውን ቁራሽ በአኮፋዳው ሰብስቦ ይመለሳል፤ የተረፈውንም አድርቆ ኮቾሮ ያደርገዋል። መኖሪያው ራሱ የሠራት ትንሽ ጎጆ ናት። መምህሩ አንድ፣ ተማሪዎቹ ግን አንዳንድ ጊዜ ከመቶ በላይ ነበሩ። እያንዳንዱ ተማሪ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ማቅረብ ይጠበቅበታል። አንድ መምህር የሁሉንም በአንድ ቀን ሰምቶ፣ አርሞና አቃንቶ ሊጨርስ አይችልም። የአስነጋሪነት ሥራ የተወለደው በመጀመሪያ ደረጃ ከዚህ ችግር ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩን በመምህር እጥረት ብቻ መግለጥ አይበቃም። ቅኔ የሚዘረፈው በግእዝ ነው። ግእዝ ደግሞ ለማናቸውም ተማሪ የአፍ መፍቻ ቋንቋ አልነበረም። የዳሞቱም ሆነ የትግራዩ፣ የሸዋውም ሆነ የወሎው ልጅ በጉባኤው ላይ የሚገናኙት ሁሉም በትምህርት ብቻ በሚያገኙት ቋንቋ ነው። በዚያ ቋንቋ መረዳት ብቻ ሳይሆን መፍጠር ግዴታ ነበር። እንግዲህ የቅኔ ቤት ዋና ጥያቄ፣ በእናቱ ቋንቋ ያልሆነ ሐሳቡን አሳምሮ እንዲያቀርብ አንድን ወጣት ምን ይረዳዋል? የሚል ነበር።

የአስነጋሪው ሥራ

የቅኔ ተማሪ አስቀድሞ ግስ ያጠናል፤ ርባታውንና አገባቡን ይማራል። ከዚያ በኋላ ከሁሉ አጭር በሆነው ባለ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ቀስ በቀስም ባለ ሦስት ቤት ወደ ሆኑት ዘአምላኪየና ሚበዝኁ፣ ባለ አምስት ቤት ወደ ሆነው ዋዜማ፣ ባለ ስድስት ቤት ወደ ሆነው ሥላሴ፣ በመጨረሻም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስና ወደ ሌሎቹ ዓይነቶች ይሻገራል። ትምህርቱ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚሄድ በመሆኑ፣ በአንድ ጉባኤ ውስጥ የተለያየ ደረጃ ያላቸው ተማሪዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። መወድስ የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና የሚጀምረውን ለመርዳት የሚችለው ስለዚህ ነው፤ ችግሩን ራሱ ከጥቂት ጊዜ በፊት አልፎበታልና።

ተማሪው ቀኑን ከሰው ተለይቶ፣ በዛፍ ሥር ወይም በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ወረቀትና ብርዕ የለም፤ ቃላቱን የሚያኖረው በአእምሮው ነው። ቅኔውን ከጨረሰ በኋላ ወደ አስነጋሪው ቀርቦ ይነግራል። አስነጋሪው የሚመረምራቸው ነገሮች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ።

1ኛ፤ ግሱ በትክክል መርባቱንና ቃሉ በቦታው መግባቱን፤

2ኛ፤ የዓረፍተ ነገሩ አገባብ መስተካከሉን፣ ማን ምን እንዳደረገ መለየቱን፤

3ኛ፤ ቤቱ መምታቱንና ቃላቱ በዜማው ልክ መሆናቸውን፤

4ኛ፤ ሰሙና ወርቁ መጣጣማቸውን፣ የተጠቀሰው ታሪክም እውነተኛ መሆኑን ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ከባዱ አራተኛው ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ተማሪ የሰማዕትን ተጋድሎ በገበሬ ሥራ መስሎ ቅኔ ቆጠረ እንበል። ገበሬው፣ ሞፈሩ፣ በሬው፣ ዘሩና አዝመራው ሰም ናቸው፤ ሰማዕቱ፣ መከራውና የሚያገኘው ዋጋ ወርቅ ናቸው። አስነጋሪው፣ ገበሬው ሰማዕቱ ከሆነ በሬው ማን ነው? ሞፈሩስ? ብሎ ይጠይቃል። ተማሪው መልስ ካጣ፣ በሬው ለቤት መምቻ ወይም ለዜማ መሙያ ብቻ እንደ ገባ ይታወቃል። ከዚያ ወዲያ ወይ ለበሬው ወርቅ ይፈልግለታል፣ ወይም በሬውን ያወጣዋል።

በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ቅኔ በየዕለቱ አዲስ ሆኖ የሚፈጠር ስለ ሆነ፣ ለአስነጋሪው በእጁ የተያዘ የመልስ መጽሐፍ የለውም። ፊደል ወይም ዳዊት የሚያስጠና ታላቅ ልጅ ትክክለኛውን ንባብ አስቀድሞ ያውቃል፤ ታናሹ ሲሳሳት ይመልሰዋል። አስነጋሪው ግን ከዚህ በፊት ማንም ያልተናገረውን ንግግር ይሰማል። ስለዚህ የሚረዳው መልስ በመስጠት ሳይሆን ጥያቄ በመጠየቅ ነው። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ በጉባኤው ዘንድ ትልቅ ነውር ስለ ሆነም፣ ጥሩ አስነጋሪ ያቃናል እንጂ አይቆጥርለትም።

ሌላው ቁም ነገር አስነጋሪው ራሱ ታራሚ መሆኑ ነው። ታናናሾቹን ሲያስነግር የዋለው ተማሪ፣ የራሱን ቅኔ ይዞ በመምህሩ ፊት ይቆማል። መምህሩ በጉባኤው መካከል ሲያርሙት፣ ቀደም ብሎ ያረማቸው ታናናሾች ይሰማሉ። በዚህም የተነሣ እርማት የበላይነት ምልክት ሳይሆን የትምህርቱ ተፈጥሮ መሆኑ ለሁሉም ግልጽ ይሆናል። በመጨረሻም መምህሩ የራሳቸውን ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ተማሪዎቹም ተቀብለው ያጠናሉ፣ ምሥጢሩንና መንገዱን ይመረምራሉ። ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ባስመሰከረ ጊዜም በማስተማር ሥራ እንግዳ አይሆንም፤ በአስነጋሪነቱ ዘመን ለምዶታልና።

ከሌላው ዓለም ጋር ሲነጻጸር

ተማሪን በተማሪ ማስተማር በሌላም አገር የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1797 አንድሩ ቤል በሕንድ አገር በማድራስ የሞከረውን ዘዴ በጽሑፍ አወጣ፤ በ1798 ደግሞ ጆሴፍ ላንካስተር በለንደን የድኾች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። በሁለቱም ዘዴ አንድ መምህር በታላላቅ ልጆች አማካይነት ብዙ መቶ ሕፃናትን ለማስተማር ችሏል። ነገር ግን ታላላቆቹ ልጆች ያስተላልፉ የነበረው መምህሩ የሰጣቸውን የተወሰነ ትምህርት ነው። ይህ የእኛን አገር ፊደል አስጠኚ ልጅ ይመስላል እንጂ አስነጋሪውን አይመስልም።

ለአስነጋሪው ይበልጥ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ኮሌጆች የተስፋፋው አሠራር ነው። በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ኬኔት ብሩፊ፣ ተማሪዎች የጓደኞቻቸውን ጽሑፍ እያነበቡና እየጠየቁ እንዲረዱ አሠልጥኖ አሰማራ። ይህ ዘዴ ዛሬ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ተማሪዎች በሚማሩባቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደ ሆኗል። የዚህ ዘዴ ዋና መመሪያ ረዳቱ ጽሑፉን አይጽፍለትም፤ ጸሐፊውን ይጠይቀዋል የሚል ነው። ይህም የጎጃም ጉባኤ ቤቶች ሲሠሩበት ከኖሩት ልማድ ጋር በእጅጉ ይቀራረባል።

ሁለቱን ዓለም በሕይወቱ ያገናኘ ጎጃሜ ደራሲ አለ። በአቸፈር አካባቢ የተወለደው አቤ ጉበኛ በቤተ ክህነት ትምህርት አድጎ፣ ኋላ በአማርኛ ድርሰት ስሙ የታወቀ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በዓለም አቀፉ የደራስያን መርሐ ግብር ተሳትፏል። ባልንጀራ እየሰማ፣ እየጠየቀና እያቃና ድርሰት የሚዳብርበት ጉባኤ ከቅኔ ቤት ለወጣ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

የሥርዓቱ ጉድለቶች

የቀድሞውን ማመስገን ጉድለቱን ለመሸፈን ምክንያት ሊሆን አይገባም። የተማሪው ኑሮ በረኀብና በበሽታ የተፈተነ ነበር፤ ዱላና ስድብም ከትምህርቱ አልተለዩም። ታናሹ ለታላቁ ውኃ መቅዳትና እንጨት መልቀም ስለ ነበረበት፣ እገዛው አልፎ አልፎ ወደ ጌትነት ያዘነብል ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ሴቶች ከጉባኤው የራቁ መሆናቸው ነው። በጎጃም ጽላሎ ላይ ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፣ ዕድሉን ያገኘች ሴት ምን ልትሠራ እንደምትችል በግልጽ አሳይተዋል። እርሳቸው ቅኔን ከመምህሩ አባታቸው መማራቸው፣ በሩ ለሌሎቹ ምን ያህል ዝግ እንደ ነበረም ያስረዳል።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ሲታለፍ

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲቋቋም፣ አዲሱ ትምህርት ከውጭ አገር ከነሥርዓቱ መጣ። የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋም እንግሊዝኛ ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህንኑ አጽንቶ፣ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ እንዲሆን ደነገገ። እንግዲህ የዛሬው ተማሪ ያለበት ሁኔታ በአንድ ነገር ከቅኔው ተማሪ ጋር ይመሳሰላል፤ እርሱም በእናቱ ባልሆነ ቋንቋ ሐሳቡን ማቅረብ አለበት።

ልዩነቱ በአሠራሩ ላይ ነው። የቅኔው ተማሪ በየቀኑ አዲስ ነገር ይፈጥራል፤ በዚያው ቀን የሚሰማው ባልንጀራ ያገኛል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ግን ጽሑፍ የሚያቀርበው በመንፈቅ ዓመት ጥቂት ጊዜ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚመለስለት እርማት ሳይሆን ነጥብ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዩኒቨርሲቲዎች የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከላት ተቋቁመዋል፤ ተማሪዎችም አንድ ለአምስት እየተደራጁ እንዲጠናኑ ተሞክሯል። ይሁን እንጂ አምስት ተማሪዎችን በአንድ ላይ ማስቀመጥ ብቻውን አስነጋሪ አይፈጥርም። አስነጋሪነት ለመጠየቅ መሠልጠንን፣ በየዕለቱ መስማትን፣ ራስም መታረምን ይጠይቃል።

ነገሩን ይበልጥ አስቸኳይ የሚያደርግ ሁኔታም አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው የትጥቅ ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ተማሪዎችም ከትምህርት ርቀዋል። እነዚህ ወጣቶች ወደ ኮሌጅና ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ፣ ያመለጣቸውን ሁሉ መምህር ብቻውን ሊተካላቸው አይችልም።

መደምደሚያ

ከላይ ከተገለጠው ታሪክ ሦስት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፣ በባዕድ ቋንቋ መጻፍ የሚለመደው አዘውትሮ በመሥራትና በቅርብ ሰሚ በማግኘት ነው። ሁለተኛ፣ ለጀማሪ የሚሻለው ረዳት ብዙ ጊዜ ሊቁ ሳይሆን፣ በዚያው መንገድ ጥቂት ቀደም ብሎ ያለፈው ተማሪ ነው። ሦስተኛ፣ ረዳቱ የሚረዳውን ያህል ራሱ ይማራል፤ መምህርነትም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በፍኖተ ሰላምና በሌሎችም የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች በተለይ ሊታሰብበት ይገባል።

ለዚህ ተግባር ትልቅ በጀት ወይም አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ጉባኤ ቤቱ ያለ ወረቀትና ያለ ብርዕ፣ በገበሬው ቁራሽ እየተደገፈ ባለቅኔዎችን አፍርቷል። የሚያስፈልገው የተመረጡ ተማሪዎችን ማሠልጠን፣ ለሥራቸው የታወቀ ሰዓትና ቦታ መስጠት፣ ሴት ተማሪዎች በረዳትነቱ እኩል ድርሻ እንዲኖራቸው ማድረግ፣ ከሁሉም በላይ በጓደኛ ፊት መታረምን ነውር ሳይሆን ወግ አድርጎ መያዝ ነው። ይህም ወግ ለአገሩ አዲስ አይደለም፤ በጎጃም ገጠር ባሉት ጉባኤ ቤቶች ዛሬም ታናሹ ከታላቁ ፊት ቀርቦ ቅኔውን ይነግራል፤ ታላቁም፣ በሬው ማን ነው? ብሎ ይጠይቀዋል።