የጺም መላጫ ብሩሽና አባ ሰንጋ፦ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተገኘ የሕክምና ትምህርት

ጺምን መላጨት በሰው ልጅ የዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ እጅግ ተራ ከሚባሉት ተግባራት አንዱ በመሆኑ ከሕክምና ታሪክ ጋር የሚያገናኘው ጉዳይ ያለ አይመስልም። ከመላጫ ዕቃዎች መካከል የሚፈራ ነገር ካለም ስለቱ እንጂ የሳሙና አረፋ የሚመታበት ብሩሽ አይደለም። ይሁን እንጂ ከ1915 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነበሩት አሥር ያህል ዓመታት ውስጥ በእንግሊዝና በአሜሪካ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች በአባ ሰንጋ የተያዙት፣ ከእነርሱም የሞቱት፣ በዚሁ ማንም ባልጠረጠረው ብሩሽ ሳቢያ ነበር።

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ አብዛኛው ወንድ ይላጭ የነበረው እንደ ሰንጢ በሚታጠፍ ረጅም ስለት ነው። ስለቱ ዘወትር መሳል የሚያስፈልገው፣ የሠለጠነ እጅ የሚጠይቅና በቀላሉ የሚያቆስል በመሆኑ ብዙዎች ለመላጨት ወደ ፀጉር አስተካካዮች መሄድን ይመርጡ ነበር። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ የሽያጭ ሠራተኛ ዊሊያም ኒከርሰን ከተባለው መሐንዲስ ጋር በመተባበር በስስ ምላጭ የሚሠራና ቆዳን ከመቆረጥ የሚጠብቅ መላጫ ሠራ፤ በ1904 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን አገኘ። ለሽያጭ በቀረበበት የመጀመሪያ ዓመት በ1903 እ.ኤ.አ. የተሸጡት 51 መላጫዎችና 168 ምላጮች ብቻ ነበሩ። ከ15 ዓመታት በኋላ ግን የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫዎችንና 36 ሚሊዮን ምላጮችን አዘዘ።

ይህን ለውጥ ያፋጠነው ጦርነቱ ነው። ሚያዝያ 22 ቀን 1915 እ.ኤ.አ. የጀርመን ጦር በቤልጂግ ኢፕር ከተማ አጠገብ የክሎሪን ጋዝ ከለቀቀ በኋላ የጋዝ መከላከያ ጭንብል የወታደሩ የሕይወት ዋስትና ሆነ። ጭንብሉ ፊት ላይ በሚገባ የሚገጥመው ደግሞ ጺም በሌለበት ነው። ሪዝ ማሳደግን በደንብ ያስገድድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር እንኳ በጥቅምት ወር 1916 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ትእዛዝ ሰረዘ። በዚህም ሁኔታ መላጫ፣ ሳሙናና ብሩሽ በወታደሩ ስንቅና ትጥቅ ውስጥ የማይቀሩ ዕቃዎች ሆኑ።

ከጦርነቱ በፊት ጥሩ የሚባለው ብሩሽ ባጀር ከተባለው የዱር እንስሳ ፀጉር የሚሠራ ነበር። ፀጉሩ በአብዛኛው ከሩሲያ ተነሥቶ በጀርመን በኩል ያልፋል፤ በዚያም ከጀርም ይጸዳና ይዘጋጃል። ጦርነቱ ይህን የንግድ መስመር በዘጋው ጊዜ የብሩሽ ሠሪዎች ከቻይና፣ ከሳይቤሪያና ከጃፓን ወደሚመጣ የፈረስ ፀጉር ዞሩ። የፈረሱ ፀጉር የባጀርን መልክ እንዲይዝ እየተቀለመ በርካሽ ዋጋ ገበያ ላይ ዋለ። ከዋጋው ጋር አብሮ የቀነሰውን ነገር ግን ገዢው ሊያየው አይችልም ነበር፤ ጀርም የማጥፋቱ ሥራ ተጓድሎ ነበርና።

አባ ሰንጋን የሚያመጣው ባሲለስ አንትራሲስ የተሰኘው ባክቴሪያ፣ ሮበርት ኮኽ በ1876 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ስፖር የሚባል ጠንካራ ቅርጽ ይይዛል። ስፖሩ ድርቀትን ተቋቁሞ በአፈር፣ በቆዳና በፀጉር ላይ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ለመላጨት የሚዘጋጅ ሙቅ ውኃም ሆነ የሳሙና አረፋ ሊገድለው አይችልም። እንዲያውም ብሩሹ ፊትና አንገት ላይ በክብ በክብ ሲታሽ ስፖሩን ወደ ቆዳ ያስጠጋዋል፤ ምላጩ የሚተወው ለዓይን የማይታይ ጭረት ደግሞ በር ይከፍትለታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ በአገጭ፣ በጉንጭ ወይም በአንገት ላይ ትንሽ እብጠት ይወጣል፤ ውኃ ይቋጥራል፤ በመጨረሻም የማያም ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ይሆናል። በአንገት አካባቢ የሚከሰተው እብጠት የመተንፈሻ ቧንቧን ሊያጣብብ ይችላል። ፔኒሲሊን ባልነበረበት በዚያ ዘመን ሐኪሞች የነበራቸው መሣሪያ ፀረ አባ ሰንጋ ሴረምና ቀዶ ሕክምና ነበር፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ከገባ ግን ታማሚውን ማትረፍ አዳጋች ነበር።

የበሽታው ምንጭ የታወቀው ሐኪሞች ታማሚዎቻቸውን በጥንቃቄ በመጠየቃቸው ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ አባ ሰንጋ በእንግሊዝ የሱፍ፣ የቆዳና የፀጉር ፋብሪካ ሠራተኞች በሽታ ሆኖ ይታወቅ ነበር። እነዚህ ታማሚዎች ግን ከእንስሳትም ሆነ ከፋብሪካዎቹ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ወታደሮች፣ መርከበኞችና ሲቪሎች ነበሩ። ቁስላቸው የወጣው በሚላጨው የሰውነት ክፍል ላይ መሆኑና ብዙዎቹም አዲስ ብሩሽ መጠቀም መጀመራቸው ጥርጣሬን አስነሣ። ብሩሾቹ ወደ ላቦራቶሪ ተወስደው በተመረመሩ ጊዜ ባክቴሪያው ተገኘ።

ከዚህ በኋላ የጤና ባለሥልጣናት ብሩሾች በፎርማሊን ውኃ ለሰዓታት እንዲዘፈዘፉ መከሩ። እንግሊዝ በ1919 እ.ኤ.አ. የአባ ሰንጋ መከላከያ ሕግ አወጣች፤ በ1920 እ.ኤ.አ. በጃፓን የተሠሩ የመላጫ ብሩሾች እንዳይገቡ ከለከለች፤ በ1921 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ሱፍና ፀጉር በፎርማልዴሃይድ የሚጸዳበትን ጣቢያ በሊቨርፑል ወደብ ከፈተች። ጥንቃቄው ከተጠቃሚው ቤት ወደ ሸቀጡ መግቢያ በር መሸጋገሩ ነበር ዋናው እርምጃ፤ እያንዳንዱ ገዢ የብሩሹን አመጣጥ ያጣራል ብሎ መጠበቅ የማይቻል ነበርና።

ጉዳዩ በታሪክ መዝገብ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በብሩሽና በሳሙና መላጨት እንደገና ተወዳጅ እየሆነ በመምጣቱና ያረጁ ብሩሾችም በመሸጣቸው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል ባለሙያዎች ይህንኑ ታሪክ መርምረው ምንጩ ያልታወቀ አሮጌ የፀጉር ብሩሽ መጠቀም አነስተኛም ቢሆን ስጋት እንዳለው አስታውሰዋል።

በኢትዮጵያ አባ ሰንጋ ለገጠር የጤና ባለሙያ እንግዳ በሽታ አይደለም። ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ይዞ የመጣ ታማሚ አስቀድሞ የሚጠየቀው የሞተ ከብት ገፎ ወይም ሥጋውን በልቶ እንደሆነ ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ነገር ግን የታማሚው መልስ «የለም» ሲሆን ምርመራው በዚያ ማብቃት የለበትም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበሩት ሐኪሞችም የተሰጣቸው መልስ ይኸው ነበር፤ ብዙዎችን ከሞት ያዳነው ግን ቀጥሎ የጠየቁት ጥያቄ ነው፦ ቁስሉ የወጣበትን ቦታ በቅርቡ ምን ነካው?