ንፋስ ስልክና ላፍቶ፦ ሹም ያልሰየማቸው ሰፈሮች

የአዲስ አበባን ነባር ሰፈሮች ስም የሚመረምር ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው መኳንንትን ነው። ራስ መኮንን፣ ደጃች ውቤ፣ ራስ ካሳ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ፤ ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ለሹማምንት ቦታ ይታደል ስለነበር ሰፈሩ የሹሙን ስም ይዞ ቀረ። ወደ ደቡብ ወርዶ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚህ የስሞቹ ምንጭ በአብዛኛው ምድሩና የሰው ሥራ ነው። ላፍቶ በአፋን ኦሮሞ ግራር ማለት ነው፤ መካኒሳ ደግሞ ብሳና። ከተማዋ ገና ሳትደርስ እዚያ ያረሰና ከብት ያሰማራ ሕዝብ አገሩን የሚለየው በዛፎቹ ነበር። ግራሩና ብሳናው ለአስፋልትና ለግንብ ቦታ ቢለቁም ስማቸው አልጠፋም፤ የነዋሪውን ቀደምትነትም ከብዙ ሰነድ ይልቅ አጥርቶ ይመሰክራል።

የንፋስ ስልክ ታሪክ ከዚህ ይለያል። ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1880ዎቹ በአፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር የተዘረጋው በእንጨትና በሽቦ ነበር። “ስልክ” የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ እዚያም ሽቦ ማለት ነው። ሽቦ አልባው መገናኛ ሲመጣ ሕዝቡ መልእክቱን የሚሸከመው ንፋስ ነው ብሎ ንፋስ ስልክ አለው። መንግሥት በ1920ዎቹ አንሳልዶ ለተባለ የጣሊያን ኩባንያ በአቃቂ በኩል የሽቦ አልባ ጣቢያ እንዲሠራ ውል ሰጠ። ያ ጣቢያ በመስከረም 1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ጦር ሊወር በተቃረበበት ሰዓት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ድምፅ ለዓለም አሰማ። ጣሊያኖች በሠሩት መሣሪያ የጣሊያን ወረራ ተወገዘ። የሰፈሩ ስም የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ቦታው ሜዳማና ንፋሻማ ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት ብሎ የሚከራከር ቢኖር፣ “ስልክ” የሚለውን ቃል ከየት እንዳመጣው ማስረዳት ይኖርበታል።

በክፍለ ከተማው ውስጥ ጎፋም አለ፤ ጎፋ ደግሞ የምድርም የሥራም ስም አይደለም የሚል መቃወሚያ ሊነሳ ይችላል። እውነት ነው። ሆኖም ጎፋ የሕዝብና የአገር ስም ነው፤ በዙሪያው ያሉት ሳር ቤት፣ ጎተራና ጋርመንት የሚናገሩትም ስለ ቤት፣ ስለ እህልና ስለ ፋብሪካ ነው። ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ንፋስ ስልክ ላፍቶ በ1995 ዓ.ም. ከተማው በክፍለ ከተማ ሲዋቀር በቢሮ የተጣበቀ፣ የታክሲ ረዳት እንኳ አሟልቶ የማይጠራው ስም ነው ይባላል። መጣበቁ አይካድም፤ አቃቂ ቃሊቲና ኮልፌ ቀራኒዮም እንዲሁ ናቸው። ነገር ግን የቢሮው ሰው ስም አልፈጠረም፤ ሁለት ነባር ስሞችን አጣመረ እንጂ። በዚህም የኦሮሞ ገበሬ ያወጣው የዛፍ ስምና አማርኛ ተናጋሪው ከተሜ ለአዲስ መሣሪያ የሰጠው ስም አንዱ ሌላውን ሳይውጥ በአንድ ማኅተም ላይ ሰፈሩ። ናይሮቢም ስሟን ያገኘችው ማሳዮች ለቀዝቃዛ ውሃቸው ካወጡት ስም ነው፤ ከተማ ሲያድግ የቀደመውን ሰው ስም ማክበሩ ለከተማው ክብሩ ነው።

ስለዚህ ዛሬ መንደር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲተካ፣ ጀሞ አንድ፣ ጀሞ ሁለት፣ ጀሞ ሦስት እየተባለ በቁጥር ሲሰየም፣ ቁጥሩ ለመንገድ ጠቋሚነት ብቻ ይሁን። የከተማው አስተዳደር አዲስ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና አደባባይ ሲሰይም አስቀድሞ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ይጠይቅ፤ ያገኘውን ስም ከነትርጉሙ በሰሌዳ ላይ ይጻፈው።