ለባህላዊ ማዕድ ቤት የቆየ የቡና መውቀጫ ስለመምረጥ

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጌጃ ሰፈርና ሰንጋ ተራን በመሳሰሉ ነባር መንደሮች የቡና ሙቀጫና ዘነዘና ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፉ የቆዩ የማዕድ ቤት ዕቃዎች ናቸው። በ2000ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ በልደታ በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ የቀበሌ ቤቶች በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተተክተዋል። ሙቀጫ ከባድና ቦታ የሚይዝ በመሆኑ ቤት በሚቀየርበት ጊዜ ለቆራሌው የሚሸጥበት፣ አልያም በፕላስቲክ ሣህን ለልዋጭ የሚሰጥበት አጋጣሚ አለ። ይኸው ዕቃ በኋላ በጥንታዊነቱ ተወድሶ በብዙ እጥፍ ዋጋ ተመልሶ ይቀርባል።

ገዢው በቅድሚያ ማየት የሚገባው ውስጡን ነው። ለዓመታት የተወቀጠበት ሙቀጫ ወለሉ ወደ አንድ ወገን ጎድጎድ ያለ፣ አፉ በዘነዘናው ንክኪ የለሰለሰ ይሆናል። ውጪው በጥላሸት ወይም በጫማ ቀለም ጠቁሮ ውስጡ ግን የመሮ ምልክት የሚታይበት ከሆነ አዲስ ሥራ መሆኑ አያጠራጥርም። ስንጥቁ በሰም ወይም በሙጫ የተደፈነ እንዳይሆን በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል። ወይራ ጠንካራና ከባድ ሲሆን ዋንዛ ለመፈልፈል ስለሚቀል በብዛት ይገኛል። ከሁሉም በላይ ግን ማሽተት ይገባል፤ በርበሬ ወይም ነጭ ሽንኩርት የተወቀጠበት ሙቀጫ ምንም ቢታጠብ ሽታውን ለአቦሉ ማካፈሉ አይቀርም።

የነሐስ ሙቀጫ ለዓይን ያማረ ቢሆንም አረንጓዴ ዝገት ካወጣ ለጌጥ ብቻ ቢቀመጥ ይመረጣል። አንዳንድ አሮጌ ቅይጥ ብረቶች እርሳስ ሊኖርባቸው ስለሚችል ነው።

ከውጭ አገር የገቡ ባለ እጀታ ወፍጮዎችም አልፎ አልፎ ይገኛሉ። በመኪናው የምናውቀው የፈረንሳዩ ፔዦ በ1840 እ.ኤ.አ፣ መኪና ከመሥራቱ ከአርባ ዓመታት በላይ ቀድሞ፣ የቡና ወፍጮ ማምረት እንደጀመረ ልብ ይሏል። በእንዲህ ዓይነቱ ወፍጮ ዋናው ነገር ጥርሱ ነው። ጥርሱ ከዶለዶመ ወይም መሐል ዘንጉ ከተወላገደ ቡናውን እኩል አይፈጨውም፤ ዱቄት የሆነው ክፍል በጀበናው ውስጥ ቶሎ ስለማይዘቅጥ ቡናው ይደፈርሳል። የብረት ጥርስ በውኃ አይታጠብም፤ በደረቅ ብሩሽ ይጸዳል።

በፎቅ ቤት የሚኖር ሰው የጎረቤትንም ጆሮ ማሰብ ይኖርበታል። ሙቀጫውን በወፍራም ጨርቅ ላይ አስቀምጦ መውቀጥ ድምፁን ይቀንሰዋል፤ የጋራ መጠቀሚያ ቤት ባለበት ግቢ ደግሞ እዚያው መውቀጥ ይሻላል።

ውጭ አገር ለሚኖር ዘመድ ወይም ለእንግዳ በስጦታ መልክ የሚሰጥ ከሆነ ጉዳዩ የሕግ ጉዳይ ጭምር ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ዕድሜው የገፋ ዕቃ በሻንጣ ከመታሰሩ በፊት ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ማሳየት በአውሮፕላን ማረፊያ ከመጉላላት ያድናል።