ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚዞረው ፋይል

የማወራችሁ ስለ አንድ ፋይል ነው። ጀርባው ላይ በማርከር ቁጥር ተጽፎበት፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራል። ጭነቱ የሆስፒታል አልጋ ነው፤ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ሙሉ፣ ከቻይና ኒንቦ ወደብ የሚነሳ። አልጋው የማን እንደሆነ፣ ድርጅቱም የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ። ፋይሉ የሚሄድበትን መንገድ ግን የትኛውም አስተላላፊ ቢሮ ብትገቡ ታገኙታላችሁ።

ፋይሉ የሚወለደው ሽያጭ ክፍል ነው። አስመጪው ይደውላል፤ «ዕቃ ልገዛ ነው፤ መጋዘኔ ድረስ በስንት ታደርሱልኛላችሁ?» ይላል። የሽያጭ ሠራተኛው የመርከቡን ኪራይ፣ የወደቡን ወጪ፣ የጭነት መኪናውን፣ የትራንዚት አገልግሎቱን ይደምርና ዋጋ ይሰጣል። የዋጋ ማቅረቢያው ላይ «አልጋ፣ አንድ ኮንቴይነር» ብሎ ይጽፋል። ይህን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

አስመጪው በዋጋው ከተስማማ ፋይሉ ወደ ባህር ጭነት ክፍል ይሻገራል። ለምን ባህርና አየር ለየብቻ ክፍል ሆኑ? ሥራቸው አንድ ይመስላል፤ ሰዓታቸውና ሒሳባቸው ግን አይገናኝም። ባህር ላይ፣ ጭነቱ ሙሉ ኮንቴይነር ካልሆነ፣ አንድ ሜትር ኩብ እንደ አንድ ቶን ይታሰባል። አየር ላይ ያው ሜትር ኩብ 167 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የአየሩ ሠራተኛ ዛሬ ማታ የተጫነው ነገ ቦሌ ያርፍበታል፤ እሱ ሲሮጥ ይውላል። የባህሩ ሠራተኛ ደግሞ ሳምንታት ይጠብቃል። የሚያታልለውም ይኸው መጠበቅ ነው፤ መርከቡ ገና መንገድ ላይ ነው ሲባል ማንም አይቸኩልም። ይህ ፋይል ዋጋ የሚከፍለው ባልተቸኮለባቸው በእነዚያ ሳምንታት ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ሰነድ ክፍል አለ። ኒንቦ ያለው ወኪል የሰነዶቹን ቅጂ አስቀድሞ በኢሜይል ይልካል፤ የመርከብ ማስጫኛ ሰነዱን፣ የሻጩን ደረሰኝ፣ የማሸጊያ ዝርዝሩን፣ የሥሪት አገር ምስክር ወረቀቱን። የክፍሉ ሠራተኛ አንዱን ከአንዱ ታመሳክራለች። የሳጥኑ ብዛት ይገጥማል? ክብደቱስ? የአስመጪው ስም ከባንክ ፈቃዱ ጋር በፊደል ሳይቀር አንድ ነው? የኮንቴይነሩ ቁጥር አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ ነው፤ የመጨረሻዋ አኃዝ ከቀደሙት በስሌት የምትወጣ ማረጋገጫ ስለሆነች አንድ ቁጥር ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ያጋልጣል። ይህች ሴት የምትሠራውን ሥራ ደንበኛው አያየውም። እኔ ግን በዚህ ሙያ የማከብረው ሰው ምረጥ ብባል እሷን እመርጣለሁ፤ እሷ ያሳለፈችው ስህተት ባህር ተሻግሮ ወደብ ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው።

አሁን ጅቡቲ እንውረድ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነስቶ የአሰብ በር ሲዘጋ የኢትዮጵያ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ አስተላላፊውም የወደብ ሰዎቹን እዚያው አደረገ። የጅቡቲ ቅርንጫፍ በድርጅቱ መዋቅር ላይ አንድ ሣጥን ብቻ ነው፤ በተግባር ግን ራሱን የቻለ ቤት ነው። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በሚሠራው የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል ጉዳይ ያስጨርሳል፤ ከመርከብ ወኪሉ የዕቃ መልቀቂያውን ይወስዳል፤ የወደብ ክፍያ ይከፍላል፤ የትራንዚት ሰነድ ያስወጣል። ወረቀቱ በፈረንሳይኛ፣ ወሬው በሱማሊኛ፣ በአፋርኛና በአማርኛ ነው። ደግሞ ዓርብ ጅቡቲ ያርፋል፤ እሑድ አዲስ አበባ ያርፋል። ሐሙስ ማታ የጎደለች አንዲት ማህተም እንዲህ ሆና ሰኞ ልትደርስ ትችላለች፤ ለኮንቴይነሩ የተሰጡት ነጻ ቀናት ግን ዓርብም እሑድም ይቆጠራሉ። ካለቁ በኋላ እያንዳንዱ ቀን በዶላር ነው።

የኛ ጭነት በዩኒሞዳል የሚመጣ ነው፤ ከጅቡቲ ወዲህ ያለውን አስተላላፊው ራሱ ያንቀሳቅሳል ማለት ነው። መልቲሞዳል ቢሆን ኖሮ ከመነሻው ወደብ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ በአንድ ሰነድ፣ በአንድ አጓጓዥ ኃላፊነት በመጣ ነበር፤ የኢትዮጵያ ባህር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ለዓመታት የሠራው ይህንኑ ነው። ትራንስፖርት ክፍሉ መኪና ይፈልጋል፤ መኪናው በጋላፊ በኩል ይገባል፤ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ንግድ ያመላልሳል የተባለለት የኤሌክትሪክ ባቡርም በደወሌ በኩል አለ። ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረሰ እንበል።

እዚህ ላይ ነው የጉምሩክ መግለጫ የሚሞላው ዲክላራሲዮን ክፍል ፋይሉን የሚከፍተው። የጉምሩክ አስተላላፊው ፈቃድ ያለው ሰው ነው፤ ተፈትኖ ያለፈ፣ በሚሞላው ቁጥር የሚጠየቅ። ፋይሉን ገልጦ «አልጋ» የሚለውን ያያል፤ «ምን ዓይነት አልጋ?» ብሎ ይጠይቃል። በዓለም አቀፉ የታሪፍ አመዳደብ የሆስፒታል አልጋ መካኒካል መገጣጠሚያ ካለው፣ ራስጌው በእጀታ ወይም በሞተር ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ በአንቀጽ 94.02 ከሕክምና ዕቃዎች ጋር ይመደባል። ያ ከሌለው በ94.03 ከሌላው የቤትና የቢሮ ዕቃ ጋር ይገባል። የሕክምና ዕቃ ነው ከተባለ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል። ቀረጡ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ፣ በመድኑና በማጓጓዣው ድምር ላይ ነው፤ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚከፈልበት ዕቃ ከሆነ 15 በመቶው የሚታሰበው ቀረጡንም አካቶ ነው። ስለዚህ ሥሩ ላይ ያለው የታሪፍ ቁጥር ከተሳሳተ ከሱ በላይ የተደመረው ሁሉ አብሮ ይሳሳታል። ፋይሉ ውስጥ ካታሎግ የለም። ወደ ሽያጭ ይደወላል፤ ሽያጭ ወደ አስመጪው፤ አስመጪው ቻይና። የጊዜ ልዩነቱ አምስት ሰዓት ነው፤ እኛ ከምሳ ስንመለስ ቻይናዊው ሻጭ ቢሮውን ዘግቶ ሄዷል። ኮንቴይነሩ ሞጆ ቆሞ ኪራይ ይቆጥራል።

ማን አጠፋ? ሽያጭ ዋጋ ስጥ ተባለ፣ ሰጠ። ባህር ጭነት ቦታ ያዝ ተባለ፣ ያዘ። ሰነድ ክፍል ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ ወይ ተባለች፤ ይገጥማሉ፣ ሁሉም «አልጋ» ይላሉ። ክፍሎቹ የተደረደሩት ዕቃው በሚጓዝበት ቅደም ተከተል ነው፤ ዱላ ቅብብል እንደሚሮጥ ቡድን አንዱ ይጨርሳል፣ ሌላው ይነሳል። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበትን ጥያቄ የሚያውቀው ግን መጨረሻ ላይ የቆመው ሯጭ ነው።

አውቃለሁ፣ አንዳንድ ቢሮዎች ይህን ገብቷቸው አደረጃጀቱን ቀይረዋል። ለእያንዳንዱ ትልቅ ደንበኛ አንድ ሰው ይመድባሉ፤ ክፍሎቹ ባሉበት ሆነው ፋይሉ ግን ከመጀመሪያው ስልክ እስከ መጨረሻው ደረሰኝ የሱ ነው። ለትልቅ ቤት መልካም ነው፤ ባለ ስምንትና ባለ አሥር ሠራተኛ ቤት ይህን ያህል ሰው የለውም። እኔ ለትንሹ ቤት የምመክረው የዲክላራሲዮኑን ጠረጴዛ ከሽያጩ ጎን ማድረግ ነው። ዋጋ ሳይሰጥ በፊት ካታሎጉን የጉምሩክ አስተላላፊው ይየው፤ ዕቃው ፋብሪካ ሳለ የታሪፍ ቁጥሩን ይገምት፤ ፈቃድ የሚሻ ከሆነ መርከቡ ባህር ላይ በሚሆንባቸው ሳምንታት ይጠየቅ። «የኔ ሥራ ዕቃው ሲደርስ ነው የሚጀምረው» የሚል አስተላላፊ ካለ፣ እባካችሁ አትቀበሉት። በአልጋው ምትክ ኢንኩቤተር ወይም የዳያሊሲስ ማሽን ሊሆን ይችል ነበር፤ ሞጆ ላይ ያለቀችው እያንዳንዷ ቀን የሚጠብቅ በሽተኛ አላት።

ካታሎጉ መጣ። አልጋው እጀታ አለው። ዲክላራሲዮኑ ተሞላ፣ ቀረጡ ተከፈለ፣ የጉምሩኩ ሲስተም ቢጫ መስመር ሰጠው፣ ሰነዱ ታይቶ ተለቀቀ። መኪናው አስመጪው መጋዘን ገብቶ አልጋው ተራገፈ። ደንበኛው አመስግኖ ሄደ።

ሒሳብ ክፍል ግን ፋይሉን አልዘጋም። ባዶው ኮንቴይነር የመርከብ ድርጅቱ ንብረት ነው፤ የመያዣ ገንዘቡም እዚያው አለ። ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ተመልሶ፣ ጎኑ አለመጎዳቱ ታይቶ፣ የመረከቢያ ወረቀቱ እስኪመጣ ሒሳብ ሠራተኛዋ በየሳምንቱ ለቅርንጫፉ ትደውላለች፤ ከዓርብ በቀር።