የፍቅር ልብ ወለድ በጨዋታ መልክ፦ ከጦቢያ እስከ ኦልድ ኤርፖርት

ኢንዲ በሚል ስም የሚታወቀው የኮምፒውተር ጨዋታ ሥራ፣ ማለትም ያለ ትልቅ ኩባንያ ድጋፍ በአንድ ሰው ወይም በጥቂት ሰዎች የሚከናወነው፣ የደራሲውን፣ የሠዓሊውንና የኮድ ጸሐፊውን ድርሻ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የሚጥል ሙያ ነው። ከዚህ ሙያ ዘርፎች መካከል የፍቅር ታሪክ የሚተርከው በአማርኛ ገና አልተስፋፋም፤ ይሁንና ምክንያቱ የፍቅር ታሪክ እጥረት አይደለም፤ የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ሲወለድ ጀምሮ ፍቅርን ይዞ ተወልዷልና። የራቀው ሥዕልን የማንቀሳቀሻው መሣሪያ ነበር፤ እርሱም ባለፉት ሃያ ዓመታት ዋጋው እየረከሰና መጠኑ እያነሰ ሄዶ፣ በዶሃ ከተማ ኦልድ ኤርፖርት በሚባለው ሰፈር ክፍል ተጋርቶ የሚኖር ሠራተኛ ሳይቀር በአንድ ላፕቶፕ ሊማረው ወደሚችልበት ደረጃ ደርሷል።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ በባዕድ አገር መታተሙ በዚህ ረገድ ሊታወስ ይገባል። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኢጣሊያ፣ በኔፕልስ አማርኛ ያስተምሩ በነበረበት ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው፣ ወንድ መስላ የምትጓዝ ልጃገረድንና የፍቅርን ጉዳይ በአንድ ላይ ያስተሳሰረ ነው። ከዚያ በኋላ በመጣው ትውልድ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር የሚያድገው በፊታውራሪ መሸሻ ቤት፣ በመምህርና በተማሪ መካከል፣ በቤተሰብና በአሽከሮች ዓይን ሥር ስለሆነ፣ ከቃል ይልቅ ዝምታ፣ ከመቀራረብ ይልቅ መታቀብ ይበዛበታል። ይህ መታቀብ የታሪኩ ድክመት ሳይሆን ኃይሉ ነው፤ አንባቢው የሚጨነቀውም የተባለውን በማንበብ ብቻ ሳይሆን ያልተባለውን በመገመት ነው።

መጽሐፉ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት በወጋየሁ ንጋቱ ሲተረክ፣ ማንበብ የማይችለውም ሰው ሰብለ ወንጌልን በየራሱ ምናብ ሣላት። የፍቅር ታሪክ ከወረቀት ወደ ድምፅ ተሻግሮ ምንም እንዳልጎደለበት፣ እንዲያውም እንደበለጸገ ከዚህ ማየት ይቻላል። አንድ ድምፅ፣ ጥቂት ሙዚቃ፣ የተመጠነ ፋታ፤ መሣሪያው ይኸው ብቻ ነበር።

የፍቅር ጨዋታ እንደ አንድ ዘውግ የተፈጠረው በጃፓን ሲሆን፣ የተፈጠረውም ከተመሳሳይ ቁጠባ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በጃፓን በስፋት ይሠራበት የነበረው ፒሲ 98 የተባለው ኮምፒውተር፣ ካንጂ የሚባሉትን ውስብስብ ፊደላት በግልጽ ማሳየት ስለነበረበት ምስሉ በወርድና በቁመት 640 በ400 ነጥብ የጠራ ሆኖ፣ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ቀለም ግን 16 ብቻ ነበር። ጽሑፍን አጥርቶ የሚያሳይ፣ እንቅስቃሴን ግን በቀላሉ የማይችል መሣሪያ በመሆኑ፣ የጨዋታ ሠሪዎቹ ጥረታቸውን በቆመ ሥዕልና በሚነበብ ንግግር ላይ አዋሉ። በ1992 እ.ኤ.አ. ኤልፍ የተባለው ኩባንያ ያወጣው «ዶኪዩሴይ» ተጫዋቹ ሰዎችን እየተዋወቀ የሚቀርብበትን ሥርዓት አስለመደ፤ በ1994 እ.ኤ.አ. ኮናሚ ያወጣው «ቶኪሜኪ ሜሞሪያል» ደግሞ ሦስት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ዓመታትን አሳልፎ በምረቃ ቀን ከአንድ ዛፍ ሥር በሚነገር የፍቅር ቃል ይጠናቀቃል። በዚያው ዓመት ኮኤይ የተባለው ኩባንያ መሥራች ኬይኮ ኤሪካዋ ያቋቋሙት፣ ሴቶች የሚበዙበት ሩቢ ፓርቲ የተሰኘ ቡድን «አንጀሊክ»ን ለሴት ተጫዋቾች አቀረበ፤ ለሴቶች ተብሎ የሚሠራው የፍቅር ጨዋታም ከዚህ ይጀምራል። ቪዥዋል ኖቭል የሚባለው፣ ማለትም በሥዕልና በድምፅ የታጀበና አንባቢው በየመካከሉ በሚያደርገው ምርጫ ፍጻሜው የሚለወጥ ተነባቢ ጨዋታ፣ በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ቶም ሮታሜል ሬንፓይ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ሲያወጣ፣ ይህን ዓይነት ጨዋታ መሥራት ኩባንያ የሚጠይቅ መሆኑ ቀረ፤ ደራሲው የገጸ ባሕርይውን ስምና ንግግሩን እንደ ቲያትር ጽሑፍ በተራ ይጽፋል፣ ምርጫዎቹን ያስገባል፣ የቀረውን ሶፍትዌሩ ይሠራዋል።

ለአማርኛ ደራሲ ግን ከዚህ በፊት አንድ መሰናክል ነበረ። የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የየራሱን የፊደል ቁጥር ይጠቀም ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ካንጂ የጃፓኑን ኮምፒውተር እንደ ቀረጸ ሁሉ፣ የአማርኛ ተነባቢ ጨዋታም የፊደሉን ጉዳይ መጠበቅ ነበረበት።

ሥዕልን የማንቀሳቀስ ጥበብ ታሪክ ረዘም ያለ ነው። ሲኒማ በአንድ ሴኮንድ 24 ምስል፣ ማለትም 24 ፍሬም ስለሚያሳልፍ፣ እያንዳንዱን ምስል በእጅ መሣል ለግለሰብ የማይገፋ ሸክም ነው። ለዚህ ሸክም መፍትሔ ካገኙት ቀዳሚዎች አንዷ ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር ናት፤ ከአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች ቀድታ በ1926 እ.ኤ.አ. ባወጣችው «የልዑል አህመድ ጀብዱዎች» ፊልም፣ ከካርቶንና ከስስ እርሳስ የተቆረጡ ምስሎችን በየመገጣጠሚያቸው በሽቦ አያይዛ፣ ክንድን ለብቻ፣ አንገትን ለብቻ ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሰች በካሜራ አነሣቻቸው። ዛሬ ሪግ የሚባለው፣ አንድን ሥዕል በማይታይ አጥንት ላይ አዋቅሮ የማንቀሳቀስ ዘዴ፣ የዚሁ የሽቦ መገጣጠሚያ የኮምፒውተር ቅርጽ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ የተሠራው ስፓይን እና ከጃፓን የመጣው ላይቭ ቱዲ ይህንኑ ለጨዋታ ሠሪዎች አመቻቹ።

በመካከሉ ፍላሽ ነበረ። በ1996 እ.ኤ.አ. ማክሮሚዲያ የገዛው፣ በኋላም ወደ አዶቤ የተዛወረው ይህ ሶፍትዌር፣ መሣልን፣ ማንቀሳቀስንና ኮድ መጻፍን በአንድ መስኮት ስላገናኘ፣ ከማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ጨዋታ ሠርቶ በኢንተርኔት የሚያሰራጭ ትውልድ አፈራ። ሆኖም አዶቤ ድጋፉን በዲሴምበር 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ሲያቋርጥ፣ የዓመታት ሥራ በአንድ ጊዜ የማይከፈት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ሩፍልን የመሰሉ የማዳኛ ሶፍትዌሮች ከፊሉን መልሰው ሕያው አድርገዋል። ተመሳሳይ ድንጋጤ በ2023 እ.ኤ.አ. ዩኒቲ የተባለው የጨዋታ ሞተር በእያንዳንዱ ጭነት ክፍያ እንደሚጠይቅ ባስታወቀ ጊዜ ደረሰ፤ ክፍያው በዓመቱ ቢሰረዝም፣ ብዙ ግለሰብ ሠሪዎች ጎዶ ወደተባለው፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ወደሆነው ሞተር ዞሩ። አዲስ መሣሪያ መማር በዚህ ሙያ የማያልቅ ግዴታ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሠሪው መሣሪያውን የሚለውጠው አዲስ ነገር አምሮት ብቻ ሳይሆን፣ የቀድሞው ከሥሩ ስለሚነሣበትም ጭምር ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ የሚያሳርፈው ብሌንደር የተባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር ዕድል ነው፦ ባለቤት ኩባንያው ሲዘጋ ተጠቃሚዎች በሰባት ሳምንት ውስጥ 100,000 ዩሮ አዋጥተው በ2002 እ.ኤ.አ. ኮዱን ነፃ አወጡት። በዚሁ ሶፍትዌር የተሠራው የላትቪያው ፊልም «ፍሎው» በ2025 እ.ኤ.አ. የኦስካር ሽልማት አግኝቷል።

በኢትዮጵያ የተንቀሳቃሽ ሥዕል ሥራ በዋናነት የሕፃናትን ትምህርት ይዞ አደገ። በብሩክታዊት ጥጋቡና በባለቤቷ የተመሠረተው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ በአሻንጉሊት የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» እና በኋላ በአኒሜሽን ያቀረበው «ጥበብ ገርልስ» የዚህ ምሳሌ ናቸው። በኒው ዮርክ የሚኖረው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ በ2011 እ.ኤ.አ. «ሒሳብ» የተሰኘ አጭር ፊልሙን፣ የአዲስ አበባን የታክሲ ጨዋታ መነሻ አድርጎ፣ በአንድ ሸራ ላይ ደጋግሞ በመቀባት ሠርቶታል። በጨዋታ ረገድ ቅኔ ጌምስ የምታመልጠውን ዶሮ «ኩኩሉ»ንና የገበጣን ጨዋታ ወደ ስልክ አምጥቷል። ሩጫውና ገበጣው ወደ ስልክ ሲገቡ፣ ፍቅር በመጽሐፍ፣ በሬዲዮና በተከታታይ ድራማ ውስጥ ቆየ።

ኦልድ ኤርፖርት እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ የዶሃ ዋና የመንገደኞች ማረፊያ ከነበረው ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ጋር የሚጎራበት፣ ከብዙ አገር የመጡ ሠራተኞች ተጠጋግተው የሚኖሩበት ሰፈር ነው። በእንዲህ ያለ ሰፈር የኢንዲ ሙያ የሚለካው በጊዜና በገንዘብ ነው። በኳታር በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ የቀኑን ሥራ በ10 ሰዓት ወስኖ በሳምንት ቢያንስ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይፈቅዳል፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተደነገገው ዝቅተኛ ደመወዝም በወር 1,000 ሪያል ነው። በዚህ ልክ ላይ በየወሩ ኪራይ የሚከፈልበት ሶፍትዌር የማይታሰብ ሲሆን፣ ሬንፓይ፣ ጎዶና ብሌንደር ግን ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የቆመ ሥዕል ላይ እስትንፋስን፣ የዓይን ርግብግቢትንና የአንገት ዘንበልታን ብቻ መጨመር ከሙሉ ፊልም ሥራ ጋር የማይነጻጸር አነስተኛ ድካም ስለሚጠይቅ፣ በአንዲት የዕረፍት ቀን የሚገፋ ትምህርት ነው። ይህ ቁጠባ ደግሞ ለአማርኛ የፍቅር ታሪክ እንደ ጉድለት መቆጠር የለበትም፤ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ የተዋደዱት በብዙ እንቅስቃሴ አልነበረምና።

ሥዕሉ ከተሰናዳ በኋላ የሚቀረው የአጻጻፍ ጥያቄ ነው። የአማርኛ ግሥ የሚያናግረውን ሰው ጾታና ክብር ስለሚለይ፣ ተጫዋቹ ወንድ ወይም ሴት መሆንን የሚመርጥበት ጨዋታ በእንግሊዝኛ አንድ ጊዜ የሚጻፈውን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ሁለቴ ወይም ሦስቴ ያስጽፋል። ሬንፓይ በተለዋዋጭ ቃላት ይህን ማቃለል ቢችልም፣ የተሻለው መንገድ ሸክሙን የታሪኩ ሞተር ማድረግ ነው፦ አንቱ ሲባባሉ የቆዩ ሁለት ሰዎች አንተና አንቺ ወደመባባል የሚሻገሩበት ቅጽበት በጨዋታው ውስጥ ከማንኛውም የፍቅር መግለጫ የሚበልጥ ክስተት ሊሆን ይችላል። ሰምና ወርቅም እንዲሁ ለምርጫ የተፈጠረ ያህል ይስማማል፤ ተጫዋቹ የሚመርጠው አንድ ንግግር ለቤተሰቡ ጆሮ ተራ ሰላምታ፣ ለተፈቃሪዋ ግን የልብ ቃል ሆኖ ሲደርስ፣ ኮዱ ሁለቱን ትርጉሞች ለየብቻ ይመዘግባል፣ ጨዋታውም በሁለቱም መሠረት ይቀጥላል። ወርቁን ማግኘቷን ለተጫዋቹ የሚነግረው ግን ጽሑፍ አይደለም፤ አኒሜተሩ ከሌላው ንግግር ሁሉ ጥቂት ፍሬም አዘግይቶ የሚያወርደው የዓይን ሽፋሽፍቷ ነው።