ቁልቁለቱና ውሃው

ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ የከባድ መኪና ሾፌር ማርሽ ቀንሶ ይይዛል እንጂ ፍሬን ባንዴ አይረግጥም። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የከፍታው ልዩነት ግን ከ600 ሜትር ይበልጣል። ሸክም ይዞ የሚንደረደር ነገር በድንገት ሲገታ ምን እንደሚሆን ይህ ቁልቁለት ሲያስተምረን ኖሯል። ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃም ሸክም ነው።

አባቶቻችን ውሃን በዝግታ መያዝ ያውቁበት ነበር። መስኖ የሚጠልፍ ገበሬ ጥቂት ይለቅና ቦዩ እስኪርስ ጠብቆ ይጨምራል፤ ተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባትም የሚከበረው ስለ ፍርዱና ስለ ጥንቃቄው ነው። በሮማውያን ዘመን የጻፈው ቪትሩቪየስም አዲስ መስመር ውስጥ ውሃ በቀስታ ይግባ፣ አለዚያ የታመቀው አየር ድንጋይ ይሰነጥቃል ሲል አስጠንቅቆ ነበር።

ንጉሥ ሚካኤል ደሴን መናገሻቸው ባደረጉ ጊዜ የከተማዋ ውሃ በእንስራ፣ በሴቶች ጀርባ ይመጣ ነበር። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ በኩል በቧንቧ ወደ ምኒልክ ግቢ ውሃ አስገባ፤ ውሃ ሽቅብ ወጣ ተብሎም ጉድ ተባለ። የሚቆጨኝ፣ ቧንቧውን ስንቀበል የቧንቧውን ጠባይ አብረን አለመማራችን ነው።

ዕውቀቱ ያኔ እየተወለደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 ሩሲያዊው ኒኮላይ ዡኮቭስኪ በሞስኮ የውሃ ቧንቧዎች ላይ ሙከራ አደረገ። ያሳየውም ይህን ነው፦ በሰከንድ 1 ሜትር የሚጓዝ ውሃ በብረት ቧንቧ ውስጥ ባንዴ ቢቆም፣ በነበረው ግፊት ላይ 100 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚያሳድረውን ያህል ግፊት ይጨመርበታል። ይህ የግፊት ምት በሰከንድ 1,000 ሜትር ገደማ እየበረረ ሄዶ ይመለሳል። መስመሩ 5 ኪሎ ሜትር ከሆነ ደርሶ መልሱ 10 ሰከንድ ይፈጃል፤ ከዚያ ፈጥኖ ቫልቭ የዘጋ ሙሉውን ምት በቧንቧው ላይ ያሳርፋል። ፈረንሳዮች ይህን ምት በአውራ በግ ግጭት ሰይመውታል።

በእኛ አገር ምቱን የሚያመጣው የቸኮለ እጅ ብቻ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ሽቅብ ሲገፋ የነበረው ውሃ ግን ለጥቂት ጊዜ ይጓዝና ከኋላው ባዶ ይተዋል፤ ተመልሶ ሲወርድ ይጋጫል። የውሃ ፈረቃም እንዲሁ ነው። ባዶ የዋለ መስመር አየር ይሞላዋል፤ ተራችን ሲደርስ ቧንቧው ከውሃው በፊት የሚያፏጨው ለዚህ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ያለ መብራትና ያለ ውሃ አስቀርቷቸው ነበር። ደርቆ የከረመን መስመር መልሶ መሙላት ከሁሉ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ያ የመስኖ ገበሬ ግን ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል።

ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተከፈተባት ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የውሃ ጥሟ ጨምሯል፤ ደሴም በየገደሉ እየሰፋች ነው። ከተማ ሲሰፋ የውሃ መስመሩ ይረዝማል፤ መስመር በረዘመ ቁጥር ደግሞ ምቱ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜም ይረዝማል፤ ቫልቭ የሚዘጋ እጅም በዚያው ልክ መዘግየት አለበት። በመስመሩ ጉብታዎች ላይ የሚተከል የአየር ቫልቭ፣ ፓምፕ አጠገብ ምቱን የሚቀበል ታንከር፣ ቁልቁለቱን የሚከፋፍል ግፊት መስበሪያ ገንዳ የግድ ናቸው። በጀት ሲጠብ ግን ዓይን ስለማይገቡ ለመቀነስ ይቀላሉ። የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ሆይ፣ በሰፈርህ አዲስ ቧንቧ ሲቀበር ካየህ፣ ጉድጓዱ አፈር ሳይለብስ እነዚህ የት እንደተተከሉ ጠይቅ።