ድልድዩን ያነሳችው ሴት

በዚህ መጽሔት ስለ ሴቶች ሥራ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ጉልት ንግድና ስለ ልብስ ስፌት ነው። በዚህ እትም ግን ራቅ ብለን ስለ አንዲት አሜሪካዊት ፎቶ አንሺና ስላነሳችው የብረት ድልድይ እናወጋለን። የድልድይ ወግ ቢመስልም ግማሹ የገንዘብ ወግ ነውና ደጋፊዎቻችንም ብታነቡት ደስ ይለናል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤረኒስ አቦት በ1898 በኦሃዮ ግዛት ተወለደች። ሙያውን የቀሰመችው ፓሪስ ነው፤ በ1923 በማን ሬይ ስቱዲዮ ፎቶ አጣቢ ረዳት ሆና ጀመረች፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የራሷን ስቱዲዮ ከፈተች። በ1929 ለጉብኝት ኒውዮርክ ስትመለስ ከተማዋ ሌላ ሆና ጠበቀቻት። አሮጌ ቤቶች ይፈርሳሉ፣ በቦታቸው ሰማይ ጠቀስ ፎቆች ይቆማሉ። ይህ ሳያመልጥ መያዝ አለበት ብላ የፓሪሱን ስቱዲዮ ዘግታ ጠቅልላ መጣች።

በዚያው ዓመት የአክሲዮን ገበያው ወደቀ፣ ደንበኛም ሳሳ። ከተማዋን ለማንሳት የነበራት ቀን በሳምንት አንዱ፣ ረቡዕ ብቻ ሆነ፤ በሌሎቹ ቀናት የዕለት እንጀራዋን ታሳድዳለች። ሙዚየሞችንና ባለጸጎችን በደብዳቤ ለመነች። ያገኘችው ከባዶ እጅ ብዙም አይሻልም። ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከመካከላችን የድጋፍ ደብዳቤ ጽፋ መልስ የጠበቀች ሁሉ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻትም።

በሩ የተከፈተው በ1935 ነው። መንግሥት ሥራ ያጡ አርቲስቶችን የሚቀጥርበት የፌዴራል የኪነ ጥበብ ፕሮጀክት ደመወዝና ረዳቶች ሰጣት። ያን ጊዜ ረቡዕን መጠበቅ ቀረ። እስከ 1939 ባሉት ዓመታት ከ300 በላይ ፎቶዎች ለፕሮጀክቱ አስረከበች። ችሎታዋ ያው ነበር፤ የተጨመረው ጊዜ ነው።

የማንሃታን ድልድይን ያነሳችው በኖቬምበር 1936 ነው። ማንሃታንንና ብሩክሊንን የሚያገናኘው ይህ ድልድይ የተከፈተው በ1909 የመጨረሻ ቀን ሲሆን፣ በሁለቱ ማማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 448 ሜትር ያህል ነው። አጠገቡ ያለው የብሩክሊን ድልድይ በዕድሜም በዝናም ይበልጠዋል፤ እሷ ግን ይሄኛውንም አልናቀችውም። በእግረኛ መሄጃው ላይ ሆና ካሜራውን ወደ ላይ አቀናች። ካሜራው በሦስት እግር የሚቆም ከባድ ዕቃ ነው፤ አንዱ ፊልም 20 በ25 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ፎቶ አንሺዋ ጥቁር ጨርቅ ተከናንባ በኋላ ባለው መስታወት ላይ ምስሉን ተዘቅዝቆ ታያለች። በድልድዩ ላይ ባቡር ያልፋል፤ ባለፈ ቁጥር ብረቱ ይንቀጠቀጣል፣ የተንቀጠቀጠ ካሜራ ደግሞ የደበዘዘ ምስል ነው የሚሰጠው።

ጥቁርና ነጭ ዛሬ ለማሳመሪያ የሚመረጥ ነገር ሆኗል፤ ስልካችን ላይ በአንድ ጣት ይቀየራል። በ1936 ግን የቀለም ፊልም ገና ብቅ እያለ ስለነበር የሙያው መደበኛ መንገድ ጥቁርና ነጭ ነበር። ለብረት ድልድይ ደግሞ ይስማማዋል። ሰማዩ ሲነጣ ገመዶቹና ማማው ጠቁረው ይወጣሉ፣ ዓይን በቀለም ሳይዘናጋ ምን ከምን ጋር እንደተያያዘ፣ ክብደቱን ማን እንደተሸከመው ይከተላል። በነገሩ ሁላችንም አልተስማማንም፤ ቀለም ቢኖረው ይሻል ነበር ያሉ እህቶች አሉ።

ድልድዩ በማንሃታን በኩል የሚያርፈው ባወሪ ከሚባለው ጎዳና አጠገብ ነው። ያኔ የድሆችና የቤት አልባዎች ሰፈር ነበር። አንድ ኃላፊ ጨዋ ሴት ልጅ እዚያ አትሄድም ቢላት፣ እኔ ጨዋ ሴት ልጅ ሳልሆን ፎቶ አንሺ ነኝ ብላ መለሰችለት ይባላል። ሁለቱንም መሆን ይቻላል እንላለን፤ መልሷን ግን ወደነዋል።

በ1939 ከፎቶዎቹ 97ቱ ኤልዛቤት ማኮስላንድ በጻፈችው ማብራሪያ ታጅበው በመጽሐፍ ወጡ። አሳታሚው መጽሐፉን ለዚያ ዓመት የኒውዮርክ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ጎብኚዎች ለመሸጥ ስላሰበ ማብራሪያውን ቆራረጠው። በዚያው ዓመት ቤረኒስ ፕሮጀክቱን ለቀቀች። ፎቶዎቹ በኒውዮርክ ከተማ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ባቡሩ ዛሬም በድልድዩ ላይ ያልፋል፤ በሌሎቹ ፎቶዎች ላይ ከሚታዩት ቤቶችና ሱቆች ግን ብዙዎቹ ፈርሰዋል።